ለእማዬ፣ ስለ አባዬ ስም

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ከድሬ ሐረር ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ሳለ፣ በየሁለት ሳምንቱም እየመጣሁ ስጠይቅሽ፣ ደብዳቤ መጻፌ ሳያስገርምሽ አይቀርም። ሆኖም ፊትሽ ተቀምጬ ይህን ነገር ላነሣ ባሰብኩ ቁጥር አንቺ ቡና ይፈላለት ትያለሽ፣ እኔም ስለ ልጆቹ ማውራት እጀምራለሁ፣ ከዚያ የመሳፈሪያዬ ሰዓት ይደርስና ደንገጎን ስወርድ ያልተናገርኩትን በልቤ እያመላለስኩ ቤቴ እገባለሁ። ደብዳቤውን እህቴ ታንብብልሽ፤ አንቺ ዐይንሽን አታድክሚ።

ሐኪሙ እንደነገረን ስኳርሽ ካልተስተካከለ የሞራው ቀዶ ሕክምና ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል። ስለዚህ ጧት ጧት ምግብ ሳትቀምሺ መለካትሽን አትተዪ፤ መብራት ሲጠፋም ኢንሱሊኑ ፀሐይ እንዳይነካው ለእህቴ ደጋግመሽ ንገሪያት። ትንሹ ልጄ ጥርስ እያወጣ ሌሊቱን አያስተኛንም። ትልቋ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች፤ የእጅ ጽሕፈቷ የአንቺን ይመስላል።

ይህን ደብዳቤ ያስጀመረችኝም እሷ ናት። ባለፈው ወር ለፋይዳ መታወቂያ ልመዘገብ ስሄድ አብራኝ ነበረች። መዝጋቢዋ ሙሉ ስሜን ስትጠይቀኝ እንደ ልማዴ የራሴን ስም፣ ቀጥሎም የአንቺን አባት ስም ተናገርኩ። ልጄ በሳሎናችን ከተሰቀለው ፎቶ ጀርባ የተጻፈውን ስም አንብባ ኖሯል፤ በከዚራ ዛፎች ሥር ወደ ቤት ስንመለስ፣ «አባ፣ ፎቶው ላይ ያለው ሰው አባትህ ካልሆነ ማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ፀሐዩ በረታ፣ ቶሎ ቶሎ እንሂድ ብዬ አለፍኳት። እማዬ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ለእኔ የተሰጠኝን መልስ ለልጄ መልሼ ሰጠኋት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

መስከረም 1991 ዓ.ም. እጄን ይዘሽ ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት ስትወስጂኝ በር ላይ ተንበርክከሽ ያልሽኝን አልረሳሁትም። በማግሥቱ መምህሩ የስም ጥሪ ሲያደርጉ በአባዬ ፈንታ የአያቴ ስም የተጨመረበት ስሜ ሁለት ጊዜ ተጠራ፤ የእኔ መሆኑን ስላላወቅኩ ዝም አልኩ፣ ከፊታቸው ተቀምጬ ሳለሁም ቀሪ ተብዬ ተመዘገብኩ። ያንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ፈርተሽ እንደነበር ዛሬ ይገባኛል፤ ለመፍራት በቂ ምክንያት ነበረሽ። አባዬ በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ኤርትራዊ ነህ ተብሎ ከተወሰደ ገና ሁለት ወሩ ነበር፤ በዓመቱ፣ ነሐሴ 1991 ላይ፣ በኤርትራ የነጻነት ሪፈረንደም የተመዘገቡና እዚሁ የቀሩት ሁሉ እንደ ባዕድ ተመዝግበው የስድስት ወር መኖሪያ ፈቃድ እንዲያወጡ ሲታዘዙ ጎረቤቶቻችንን አይተናል። እኔን የሚያመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ጥር 1996 ላይ እዚህ የቀሩት ዜግነታቸውን የሚያስመልሱበት መመሪያ ሲወጣ ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ የአባቴን ስም መልሺልኝ ብዬ ለመንኩሽ፣ አንቺም የተዳፈነ እሳት አትቆስቁስ አልሽኝ። እንደ ልጅነቴ ሳይሆን እንደ አዋቂ ሰው ልንገርሽ፦ በዚያ ቀን አባዬ ሁለተኛ የተባረረ መስሎ ተሰማኝ።

«ድምፅ ሰጥቶ ራሱን አባረረ» የምትይውንም ነገር በእርጋታ እንድታስቢው እለምንሻለሁ። ሚያዝያ 1985 ላይ የሰጠው ድምፅ የአዲስ አበባው መንግሥት ፈቅዶ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በተከፈተ ጣቢያ የተሰጠ ነው፤ ያን ጊዜ ድምፅ የሰጠ ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል ብሎ የነገረው ሰው አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን እንደማይገፈፍ ደንግጓል፤ ይህ አንቀጽ ከጸና ሦስት ዓመት ሳይሞላው ነው አባዬ ሐምሌ 1990 ላይ የቶርኖ ቱታውን እንደ ለበሰ የተወሰደው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በዚያ ጦርነት ከኢትዮጵያ የተባረሩትን 75 ሺህ ያህል ናቸው ብሏል። ጦርነቱን በቋጨው የአልጀርስ ስምምነት የተቋቋመው የሔግ ኮሚሽን ታኅሣሥ 1997 ላይ በሰጠው ውሳኔ ድምፅ የሰጡት ሰዎች የሁለት አገር ዜጎች እንደነበሩ፣ ለደኅንነት ያሰጋሉ ተብለው ተጣርተው የተለዩትን ዜግነት መንፈግና ማባረር በጦርነት ጊዜ ሕጋዊ ሊሆን እንደሚችል ተቀበለ። ያለዚያ ማጣራት የተባረሩትንና እዚሁ የቀሩትን ዜግነት መግፈፍ ግን ሕገ ወጥ ነው አለ።

እማዬ፣ የእኛ ጉዳይ የተንጠለጠለው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። በዚያች ሌሊት እኔ ተኝቼ ነበር። ሰዎቹ ሲመጡ ወረቀት አሳይተው እንደሆነ፣ አባዬን ከዚያ በፊት ማንም ጠርቶ ጠይቆት እንደሆነ፣ መልስ እንዲሰጥ ዕድል አግኝቶ እንደሆነ በዚህ ምድር ላይ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ከእኛ ጋር ፊርማ ከሚያሰባስቡት ቤተሰቦች መካከል ባለፈው ክረምት ብቻ ሁለት እናቶች ቃላቸው ሳይመዘገብ አረፉ። ይህን ለመጻፍ ብዕሬን ሦስት ጊዜ አስቀምጬ አንሥቻለሁ፤ የምፈራው ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

ኮሚሽኑ ነሐሴ 2001 ላይ የካሣውን መጠን ወስኗል፦ ለኤርትራ ከ163 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ ለኢትዮጵያ ደግሞ 174 ሚሊዮን ዶላር ያህል። ክሱ በመንግሥት ላይ መንግሥት ያቀረበው ስለሆነ፣ ካሣውም የተፈረደው ለመንግሥታቱ ስለሆነ፣ የአባዬን የሃያ አንድ ዓመት ጡረታ የሚመልስ አንድ ብር ወደ ቤታችን አልመጣም። ስለ መጋላው ቤት አልወቅስሽም። ተባራሪ ንብረቱን በአንድ ወር ይሽጥ ተብሎ ሲታዘዝ፣ አንዲት ሴት ውክልና ብቻ ይዛ ከገዢዎች ጋር ምን ያህል መከራከር ትችል ነበር? ከእኛ ጋር አባቱ የአሰብ ወደብ ሠራተኛ የነበረ፣ ያለውን ሁሉ ጥሎ ከኤርትራ የተባረረ ኢትዮጵያዊ ልጅም አለ። የእሱና የእኔ አባት በአንድ ክረምት በተቃራኒ አቅጣጫ ተጓዙ፤ አሁን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን አንድ ማመልከቻ እንጽፋለን።

ሚያዝያ 2016 የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ስለ እውነት ማፈላለግና ስለ ማካካሻ ስለሚናገር፣ የ1990ው መባረርም በዚያ ውስጥ እንዲታይ እንጠይቃለን። በደሉ በግልጽ እንዲታመን፣ ጡረታው ለወራሾች እንዲከፈል፣ ለተሸጠው ቤት ካሣ እንዲታሰብ እንፈልጋለን። ለእኔ የሚበልጠው ግን የመጀመሪያው ነው፤ አባዬ ለዚህች አገር ባዕድ እንዳልነበረ በጽሑፍ እንዲነገረኝ እፈልጋለሁ። ሐምሌ 2010 ላይ የአስመራ ስልክ ሲከፈት ሰፈሩ ሁሉ እየደወለ ሲያለቅስ እኛ የምንደውልለት ሰው አልነበረንም። መሞቱን እንኳ በሱዳን በኩል በመጣ ሰው የሰማነው አርባው ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚህ በኋላ የምጽፈውን አስቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር፤ ይቅር በይኝ። ስሜ እንዲታረም ባለፈው ማክሰኞ ለፍርድ ቤት አመልክቻለሁ። ውሳኔው ሲሰጥ እኔም ልጆቼም በአባዬ ስም እንጠራለን። የአያቴን ስም ለመናቅ እንዳልሆነ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ያ ስም አሳድጎኛል፣ አስተምሮኛል፣ በክፉ ቀንም ሸፍኖኛል። አንቺም የሠራሽው ልጅሽን ለማዳን ነው፤ ድኛለሁም። ለልጆቹ የምትፈሪውን እኔም እፈራዋለሁ፤ ግን ልጄ ጠይቃኛለች።

የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ፤ የስኳር መለኪያ ወረቀቱንም ገዝቼ አመጣልሻለሁ። ቃልሽን የሚጽፍ የሕግ ባለሙያ አብሮኝ ይመጣ ዘንድ ትፈቅጂ እንደሆነ በእህቴ በኩል በስልክ አስታውቂኝ፤ ካልፈቀድሽ ብቻዬን እመጣለሁ። ውክልናው፣ የጡረታ ደብተሩና ከአሰብ የጻፈው ደብዳቤ በቀዩ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ። ሣጥኑ ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ስለሆነ ወንበር ላይ ቆመሽ እንዳታወርጂው፤ ስመጣ እኔ አወርደዋለሁ።

የሚወድሽ ልጅሽ