ለአባላት በሙሉ፦ አንጋፋውን ባልደረባችንን ስለማሰብ

ውድ አባላት፣

የኢንስፔክተራችንን ማረፍ ሁላችሁም ሰምታችኋል። በመጪው ስብሰባችን ስለ እሳቸው የሚነበብ ጽሑፍ እያዘጋጀን ስለሆነ የምታስታውሱትን ላኩልን።

እባካችሁ ማዕረግና ሽልማት ብቻ አትዘርዝሩ፤ እሱ ከግል ማኅደራቸው ይገኛል። የምንፈልገው አሠራራቸውን ነው። የምስክር ቃል ሲቀበሉ በራሱ በምስክሩ አነጋገር ይጽፉ ነበር፤ ከዚያም ቀስ ብለው አንብበውለት "ያልከው ይህንን ነው?" ሳይሉ አያስፈርሙም። ኤግዚቢት (በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ) ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አንዲት ፊርማ ከጎደለች ፍርድ ቤት ማስረጃውን ሊጥለው እንደሚችል ለአዲስ ገቢ ሁሉ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው (ቁጣቸውን የቀመሳችሁ ታውቁታላችሁ)። መርዶ ደግሞ በስልክ አይናገሩም። ምንም ቢመሽ ቤት ድረስ ሄደው፣ ቆባቸውን አውልቀው፣ ከሰዎቹ ጋር ተቀምጠው ነበር የሚነግሩት። ለእኔ ይህ ከሜዳሊያዎቻቸው ሁሉ ይበልጣል።

ግትርነታቸውንም ጻፉ። መልአክ አስመስለን ብናቀርባቸው ራሳቸው ይስቁብን ነበር።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የተጎጂም ሆነ የተጠርጣሪ ስም፣ እንዲሁም ውሳኔ ያላገኘ መዝገብ በጽሑፋችሁ አይግባ። መጻፍ የሚከብደው በድምፅ ቀድቶ ለጸሐፊያችን ይስጥ። ልጆቻቸው አንድ ቅጂ እንዲደርሳቸው ጠይቀዋል።