ፊርማው የእኔ ነበር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በከተሞቻችን እሳት በተነሳ ቁጥር «ዘግይተው መጡ» ይባላል፤ አለዚያም «ውሃ ሳይዙ መጡ»። ሁለቱንም ለ26 ዓመታት ሰምቻለሁ፤ መጀመሪያ ከእሳት አደጋ መኪናው ላይ ሆኜ፣ አሁን ደግሞ ጡረታ ወጥቼ ደሴ ፒያሳ ቡና ስጠጣ። ባልደረቦቼ ሲወቀሱ ይከፋኛል። ወቀሳው ሁልጊዜ ሐሰት ነው ብዬ ግን አልምልም። አንድ ቀን ውሃ ጎድሎን የሄድነው በእኔ ጥፋት ነው።

በወሎ ካሉት ከተሞች በአንዱ የፈረቃ ኃላፊ ነበርኩ። ተረኛ ሥራ ሲረከብ የሚሞላው ደብተር አለ፤ ነዳጅ፣ ዘይት፣ ባትሪ፣ ጎማ፣ የታንከሩ ውሃ። በየመስመሩ ምልክት ተደርጎ ከታች ይፈረማል። ያን ጠዋት ብርድ ስለነበር ደብተሩን ሻይ ቤት ድረስ አስመጥቼ ፈረምኩ። ታንከሩን ከፍቼ አላየሁም። ሌሊት የወጣው ፈረቃ ግማሹን ተጠቅሞበት ኖሯል።

ከሰዓት በኋላ ግድግዳ የሚጋሩ የጭቃ ሱቆች ተያያዙ። መኪናችን 8,000 ሊትር ይይዝ ነበር፤ በደቂቃ 1,000 ሊትር ሲረጭ ስምንት ደቂቃ ይበቃል ማለት ነው። በአራተኛው ደቂቃ ቱቦው እጃችን ላይ ተልፈሰፈሰ። ከሱቆቹ አንዱ የበርበሬ መደብር ስለነበር አካባቢው ሁሉ ያስላል፤ ዓይን አይገለጥም። ባለቤቷ አጠገቤ ቆመዋል። አልጮሁም፤ አልተራገሙም። «ልጄ፣ አለቀ?» ብቻ አሉኝ። እሳቱን ይሁን ውሃውን የጠየቁኝ ዛሬም አላውቅም።

ማታ አለቃችን ሰበሰቡን። እኔ የሌሊቱን ሹፌር ስም ምላሴ ላይ አዘጋጅቼ ነበር የተቀመጥኩት። እሳቸው ግን ቀደሙኝ። «ይህን ደብተር በየሳምንቱ ማየት የእኔ ሥራ ነው፤ ሦስት ወር አላየሁትም» አሉ። ከዚህ በኋላ የሹፌሩን ስም እንዴት ልጥራ? ተነሥቼ ሻይ ቤት መፈረሜን ተናገርኩ። የደመወዝ ቅጣቱ አልቀረልኝም፤ መቅረትም አልነበረበትም። ከዚያ ወዲያ ግን ከእያንዳንዱ እሳት ስንመለስ፣ ልብሳችንን ሳንቀይር፣ ተቀምጠን መነጋገር ጀመርን። መጀመሪያ የሚናገረው አለቃው ነው፤ እሱም የራሱን ስህተት ነው የሚናገረው።

ይህ ልማድ ለወሎ ሰው አዲስ ሊሆን አይችልም። ሌላው አገር እድር የሚለው ቅሬ አለን። ከቀብር የቀረ ይቀጣል፤ የቅሬውን ድንኳን ቀድዶ የመለሰ ይከፍላል፤ ዳኛውም ሒሳብ ቢጎድልበት በአባላቱ ፊት ቆሞ ይጠየቃል። መሥሪያ ቤት ስንገባ ግን ይህንን ሁሉ በር ላይ ጥለነው እንገባለን። ሪፖርቱ «እሳቱ በኅብረተሰቡ ትብብር በቁጥጥር ሥር ውሏል» ይልና ይዘጋል። ስንት ሰዓት ተደወለ? ስንት ሰዓት ወጣን? ስንት ሰዓት ደረስን? ውሃው ስንት ደቂቃ ቆየ? አንዱም አይጻፍም። በየዓመቱ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚል ጨርቅ መስቀሉን ግን ማንም አይረሳውም።

በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ በምትገኘው ዎስተር ከተማ የሆነውን የሙያው ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1999 መስኮት የለውም ሊባል የሚችል አሮጌ የቀዝቃዛ ዕቃ መጋዘን ተቃጠለ። ቤት የሌላቸው ሰዎች ውስጥ ሳይኖሩ አይቀሩም ተብሎ ሠራተኞች ገቡ፤ ሰዎቹ ግን ቀድመው ወጥተው ነበር። ሁለት ሠራተኞች ጭሱ ውስጥ ጠፉ፤ እነሱን ሊፈልጉ ከገቡት ደግሞ አራቱ አልተመለሱም። በቦታው ያዝዝ የነበረው ማይክ ማክናሚ ያን ጊዜ በሩን በራሱ ገላ ዘግቶ ሌላ ሰው አይገባም አለ። ጓደኞቻቸው ውስጥ ላሉባቸው ሰዎች ይህን ማለት ምን እንደሚጠይቅ እሳት ፊት ያልቆመ ሰው ይረዳዋል ብዬ አላስብም። እዚህ አገር ጀግና የምንለው ዘልሎ የሚገባውን ነው፤ «ተመለሱ» የሚለውን ፈሪ እንለዋለን። እ.ኤ.አ. በ2004 በፍሎሪዳዋ ታምፓ የተሰበሰቡ የሙያው ሰዎች የሠራተኞችን ሞት ለመቀነስ 16 ነጥቦች ሲያወጡ፣ በሁለተኛው ያስቀመጡት የግልና የተቋም ተጠያቂነትን ነው። ሠራተኛን ለመጠበቅ የሚረዳ አንድ አሠራር ደግሞ እጅግ ቀላል ነው፤ ወደሚቃጠል ቤት የሚገባ ሁሉ ስሙ ያለበትን ምልክት በር ላይ ትቶ ይገባል፣ ሲወጣ ይወስዳል። ሰሌዳው ላይ የቀረ ስም ካለ ውስጥ የቀረ ሰው አለ። ይህንን አንድ ጣውላና ጥቂት ሚስማር ይሠራዋል።

ራስን ስለማሳደግም አንድ ነገር ልበል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ፓምፕ ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ ውሃ ወደ ላይ መሳብ የሚችለው ቢበዛ 10 ሜትር ያህል ሲሆን፣ እዚህ 7 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሞተሩም ጉልበት ያጣል፤ 8 ቶን ውሃ ጭኖ ከኮምቦልቻ ሐረጎን የወጣ ሹፌር ያውቀዋል። እኔ ይህን የተማርኩት በሥራው ላይ በ11ኛ ዓመቴ ነው፤ ያውም ከአንድ የከባድ መኪና መካኒክ። እስከዚያ ድረስ ፓምፑ እምቢ ባለ ቁጥር ፓምፑን ነበር የምሰድበው። አለቃችን ይህን ሲሰሙ መካኒኩን ጣቢያ ድረስ ጠርተው አስተማሪ አደረጉት፤ ራሳቸው ከፊት ተቀምጠው ማስታወሻ ያዙ። የሚስቁ ነበሩ።

ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ብዙ መሥሪያ ቤት ከባዶ እንደ ጀመረ አውቃለሁ፤ ይህን አላቃልልም። መኪና ውድ ነው። ደብተር ግን ነዳጅ አይጠጣም። በደሴ፣ በኮምቦልቻም ሆነ በወልድያ ያሉ ኃላፊዎች የተደወለበትን፣ የተወጣበትንና የተደረሰበትን ሰዓት በየወሩ ለሕዝብ ቢለጥፉ ምን ይጎድልባቸዋል? ሕዝቡም መንገድ ዘግቶ መኪና ማቆሙ ያኔ በሰዓቱ ላይ ይታያል።

ከእሳት መልስ የተነጋገርነውን የመዘገብኩባቸው ሦስት ደብተሮች ቤቴ አሉ። አንዳንዱ ገጽ ውሃ ነክቶታል፤ የእጅ ጽሑፌም የሚያኮራ አይደለም። ከየትኛውም ጣቢያ ወጣት ሠራተኛ ቢመጣ ቁጭ ብዬ አነብለታለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ስለዚያ ታንከር ነው።

ስሜ እንዳይወጣ እጠይቃለሁ
ጡረታ የወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ ከደሴ