ፍሬኑ እምቢ ከማለቱ በፊት

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ስለ መኪና አደጋ በሚጻፉ ዜናዎች ውስጥ «ፍሬን እምቢ ብሎት» የሚል ሐረግ እየተደጋገመ ይወጣል። ከዓባይ በረሃ እስከ ደብረ ታቦር ቁልቁለት 26 ዓመት ከባድ መኪና የነዳሁ፣ አሁን ግን ዓባይ ማዶ ቤቴ ተቀምጬ የሌሎችን መኪና ድምፅ የማዳምጥ ሰው ነኝና፣ ይህን ሐረግ ባነበብሁ ቁጥር የሚቆረቁረኝን ነገር በጋዜጣዎ ላይ እንድናገር ይፈቀድልኝ። ፍሬን በድንገት የሚከዳበት ጊዜ የለም አልልም። አብዛኛውን ጊዜ ግን እምቢ የሚለው ሳምንታት ሙሉ ሲያስጠነቅቅ ከርሞ ነው፤ ፍሬኑን የሚያሠራው የታመቀ አየር ቶሎ አልሞላ ሲል፣ ፔዳሉ ከወትሮው በላይ ሲጠልቅ፣ መኪናው ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ሲጎትት ሰሚ ያጣው ፍሬን በመጨረሻ ገደል አፋፍ ላይ እምቢ ይላል። ቀድሞ እምቢ ማለት የነበረበት ሾፌሩ ነው፤ ያውም ጠዋት፣ ቁልፉን ሲቀበል፣ መኪናው ገና ከቆመበት ሳይነሣ።

ከተማችን ባሕር ዳር ሜዳ መሆኗ ለዚህ ችግር የራሷን ድርሻ ታዋጣለች። ጣና ዳር ዳገትና ቁልቁለት ብሎ ነገር ስለሌለ፣ ብስክሌት የሚነዳው ተማሪም ሆነ ባለ ተሳቢው ሾፌር ፍሬን መያዝን እንደ ጨዋነት እንጂ እንደ ሕይወት ጉዳይ አያየውም። ፍሬኑ የደከመ መኪና ከዓባይ ማዶ ተነሥቶ፣ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን ድልድይ ተሻግሮ፣ መሸንቲንና መራዊን አልፎ ሲሄድ ሕመሙን አያሳይም። ባለንብረቱም መኪናውን ግቢው ውስጥ ዐሥር ሜትር ያህል ያንቀሳቅስና «ይኸው ይይዛል አይደለም ወይ?» ይላል። በእርግጥ ይይዛል። የሚፈተነው ግን እዚህ ሳይሆን ከደጀን ወዲያ ነው።

ከደጀን አፋፍ እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። የወንድሜ ልጅ የቴክኒክ መምህር ነው፤ ጠቅላላ ክብደቱ 40 ቶን የሆነ ባለ ተሳቢ 1,000 ሜትር ሲወርድ በፍሬን ብቻ ቢያዝ የሚፈጠረው ሙቀት ስድስት በርሜል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል ብሎ በወረቀት አስልቶ አሳየኝ። ያን ሙቀት የሚሸከሙት የፍሬን ሸራዎቹና ሸራዎቹ ከውስጥ ተጭነው የሚይዟቸው፣ ከጎማው ጋር የሚዞሩት ታምቡሮቹ ናቸው። ሸራ ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ ታምቡሩም ሙቀቱ ሲያሰፋው ከሸራው ይርቃል፤ ስለዚህ ሾፌሩ ይበልጥ በረገጠ ቁጥር መኪናው ይበልጥ እየቀለለ የሚሄድ ይመስለዋል። በሙሉ ጤንነት ላይ ያለ መኪና እንኳ ይህን ቁልቁለት የሚወርደው ማርሽ ቀንሶ፣ ክብደቱን ሞተሩ እንዲይዝለት አድርጎ ነው። (ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ የሚለቅ ሾፌር አለ፤ ስለ እሱ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል።) እንግዲህ ከዚህ ላይ የአንዱ ጎማ አየር አልዘጋ ስላለ ቱቦው ታጥፎ በካላማዳሪ ቁራጭ ቢታሰር፣ የዚያ ጎማ ድርሻ በቀሩት ላይ ይጫናል። ይህን ዓይነቱን አሠራር መንገድ ላይ «ለዛሬ ይድረስ» ይሉታል። የዛሬው ማሰሪያ ከርሞ ሲፈታ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

ዓመታዊው ምርመራ ይህን ሁሉ ይከላከላል የሚል ሰው ይኖራል። ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ የወጣው የ2002 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 681 ተሽከርካሪ በየጊዜው እንዲመረመር ያዛል፤ ቦሎ መለጠፉም ጥሩ ነው። ነገር ግን ቦሎ የሚናገረው መኪናው በተመረመረባት ቀን ምን ይመስል እንደነበር ብቻ ነው። ሊሾ የሆነው ጎማ ለምርመራው ቀን በተውሶ ጎማ ተተክቶ፣ ማግስቱን ወደ ቦታው እንደሚመለስ በሙያው ያለን ሁሉ እናውቃለን። የቀሩትን 364 ቀናት የሚመረምረው ሾፌሩ ነው፤ ሌላ መርማሪ የለም።

ሕጉም የሚያየው እንደዚሁ ነው። ብዙ ወጣት ሾፌሮች «ባለንብረቱ አዞኝ ነው» የሚለው ቃል ፍርድ ቤት የሚያድናቸው ይመስላቸዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲደነግግ፣ የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበትን ሰው ለይቶ ከሐኪም ጎን ሾፌርን በስም ይጠቅሳል፤ ቅጣቱም ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ነው። የሞቱት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ወይም ጥፋተኛው ግልጽ የሆነ ደንብ ሆን ብሎ የጣሰ ከሆነ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ባለንብረቱን በተመለከተ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ይህ ግን የካሳ ኃላፊነት ነው፣ ካሳውንም በአብዛኛው የሚሸፍነው ኢንሹራንስ ነው። በአጭሩ ባለንብረቱ በገንዘብ፣ ሾፌሩ በዕድሜው ይከፍላሉ። ይህ ክፍፍል ፍትሐዊ ነው አልልም፤ የብልሽቱን ወሬ ሰምቶ መኪናውን ያሰማራ ባለንብረት ከሾፌሩ ጎን መቆም ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። እስከዚያው ግን ሾፌር ሆኖ ይህን ክፍፍል ሳያውቅ ቁልፍ የሚቀበል ሰው የማያውቀውን ውል እየፈረመ ነው።

ይህን የምጽፈው ንጹሕ ስለሆንሁ እንዳይመስላችሁ። በ1994 ዓ.ም. ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ አንድ ባለ ተሳቢ መኪና ሾፌር ይፈልጋል ተባለ። ከእኔ በፊት የነበረው ሾፌር ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መውጣቱን ሰምቼ ነበር፤ ለምን ብዬ ግን አልጠየቅሁም። እውነቱን ለመናገር መልሱን መስማት አልፈለግሁም። ከደጀን ወርደን ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ከተሳቢው ጎማዎች ጭስ መውጣት ጀመረ፤ ከዚያ ፔዳሉ ባዶ ሆነ። በሁለተኛ ማርሽ ላይ ስለነበርሁና ከፊቴ ሌላ መኪና ስላልነበረ፣ ከገደሉ በተቃራኒ ባለው የውኃ መውረጃ ቦይ ውስጥ አግብቼ ከተራራው ጋር እያፋተግሁ አቆምሁት። ረዳቴ ክንዱ ተሰበረ። ያን ጊዜ 19 ዓመቱ ነበር፤ ዛሬም ክንዱ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። በኋላ መካኒክ ሲፈታው የተሳቢው የአንድ ጎን ፍሬን ከተዘጋ ወር አልፎት ነበር። ፖሊስ መዝገብ የከፈተው በእኔ ስም ነው፤ ያም አግባብ ነበር።

ከዚያ አራት ዓመት ቆይቼ፣ በ1998 ዓ.ም.፣ ከወረታ የፎገራ ሩዝ ጭኖ አዲስ አበባ የሚገባ መኪና በሌላ ባለንብረት ዘንድ ስይዝ፣ ሌሊቱን አድሮ ጠዋት የአየሩ ጌጅ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ሞተሩን አስነሥቼ አየር ከሞላሁ በኋላ አጥፍቼ ብጠብቅ፣ ዓይኔ እያየ ወረደ። «ጋሼ፣ ይህ መኪና ሳይሠራ በረሃ አይወርድም» አልሁ። «አንተ ካልነዳኸው የሚነዳው ሞልቷል» አለኝ፤ እንዳለውም ከቀትር በፊት ሌላ ሾፌር ቁልፉን ተቀበለው። እዚህ ላይ አንባቢ መኪናው ገደል ገባ እንድል ሊጠብቅ ይችላል። አልገባም። ሾፌሩ በሰላም ደርሶ በአራተኛው ቀን ተመለሰ፤ ባለንብረቱም ሰው በተሰበሰበበት «የፈራኸው መኪና ይኸው» ብሎ ሳቀብኝ። እምቢ የሚል ሾፌር ትልቁ ፈተና ይህ ነው፤ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥለት አደጋ ብቻ ሲሆን፣ አደጋውን ደግሞ ማንም አይመኝም። የተበላሸ መኪና ብዙ ጊዜ በሰላም ይደርሳል፤ ባይደርስ ኖሮማ ማንም ደፍሮ አይነዳውም ነበር።

ስለዚህ ጥያቄዬ ቁልፉን ለመለሰው ሾፌር ብቻ ሳይሆን፣ ይልቁንም የተመለሰውን ቁልፍ ለሚቀበለው ነው። አንድ ሾፌር እምቢ ሲል መኪናው አይቆምም፤ የሚቆመው ሁለተኛው እምቢ ሲል ነው። የሁለተኛውን ሰው ችግር አውቀዋለሁ፤ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ እንኳን ፍሬን አቋም ያስለቅቃል። ቢሆንም ቢያንስ «ከእኔ በፊት የነበረው ለምን ተወው?» ብሎ መጠየቅ ዳቦ አያስነጥቅም። ጠይቆ የታሰረ ቱቦ ካገኘ ይታሰብበት፤ ካላገኘ ደግሞ ልቡ አርፎ ይሄዳል።

ለዚህ እንዲረዳ እምቢታው በቃል እንዳይቀር እመክራለሁ። «መኪናው አይሠራም» ማለት አይበቃም። የሰሌዳ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የሄደበትን ኪሎ ሜትርና ብልሽቱን በግልጽ፣ ለምሳሌ «የተሳቢው የኋላ ግራ ጎማ የፍሬን አየር ተዘግቷል፣ የቀኙ ሸራ አልቋል» ብሎ በሁለት ቅጂ ጽፎ፣ ረዳቱን ምስክር አስፈርሞ፣ አንዱን ለባለንብረቱ መስጠት፣ ሌላውን ከሊብሬው ጋር መተው ነው። ወረቀት የሚከብደው በስልኩ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይላከው። ቀጥሎ የሚመጣው ሾፌር ወረቀቱን ያገኘዋል፤ ባለንብረቱም ከዚያ በኋላ አላወቅሁም ማለት አይችልም። ይህ ልመና አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 93 አደጋ ሊያስከትል የሚችል ሁኔታንና የመሣሪያ ጉድለትን ለአሠሪው ማሳወቅን የሠራተኛው ግዴታ አድርጎታል፤ በአንቀጽ 32 ደግሞ ለሠራተኛው ደኅንነት የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን አሠሪው አውቆ በጊዜው እርምጃ ካልወሰደ፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን እንዲያቋርጥ ይፈቅድለታል። የጽሑፍ ውል የሌለው ሾፌርም ውሉ በቃል በመሆኑ ብቻ ከዚህ መብት አይወጣም። ማሳወቁን የሚያስረዳለት ግን ያው ወረቀቱ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ባለንብረቶችን እበድላለሁ። አበል ሲቀነስበት ፍሬን የሚታመምበት ሾፌርም አለ፤ ጭነቱ ሳይጥመው «ጎማው አላማረኝም» ብሎ የሚያድር አይቻለሁ። መለዋወጫ እንደ ልብ በማይገኝበት፣ የባንክ ዕዳ በሚጠብቅበት ሰዓት መኪና ያለ በቂ ምክንያት ማቆም ቀላል በደል አይደለም፤ እንዲህ የሚያደርግ ሾፌር ደግሞ የሚጎዳው ነገ በእውነት እምቢ የሚለውን ባልደረባውን ነው። ብልሽቱን በስሙ ጠርቶ መጻፍ ለዚህም መድኃኒት ነው፤ መካኒክ ጠርቶ በግማሽ ሰዓት ማረጋገጥ ይቻላልና።

ለጋዜጣዎም አንድ ልመና አለኝ። ወደፊት «ፍሬን እምቢ ብሎት» የሚል ዜና ከማተማችሁ በፊት፣ ዘጋቢያችሁ ለትራፊክ ፖሊሱ ከሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ላይ ይህን ጨምሩልኝ፦ ከዚህ ሾፌር በፊት ቁልፉን ይዞ የነበረው ማን ነው፣ ለምንስ መለሰው?

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር፣
ከባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ