ሙታንን ምስክር አንጥራ

ይድረስ ለማልረሳህ ወንድሜ፣ ጅማ

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። (አንተ የማታምነው እዚች ላይ እንደምትስቅ አውቃለሁ። አንተ እንደ ልማድህ ሳቅ፣ እኔም እንደ ልማዴ እጽፋለሁ።) ሐዋሳ ያው ሐዋሳ ናት፤ ባጃጁ በዝቷል፣ አሞራ ገደል ዓሣው ተወዷል። ዝም የተባባልነው ተጣልተን አይደለም፣ ኑሮ ነው። ስለዚህ መወቃቀሱን እንለፈውና ወደ ነገሬ ልግባ።

በቀደም አንድ ተማሪዬ ከክፍል ስወጣ ጠብቆ «መምህር፣ ዳርዊን ሊሞት ሲል ንስሐ ገብቷል አይደል?» አለኝ። ጓደኞቹ ከኋላው ቆመው መልሴን ይጠብቃሉ፤ ክርክር ላይ ነበሩ ማለት ነው። አልገባም አልኩት። የዝግመተ ለውጡ ሊቅ ዳርዊን የሞተው በ1882 ነው (ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ)። የንስሐው ወሬ ግን በ1915 አንድ የአሜሪካ ባፕቲስት ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ያወራችውም ሌዲ ሆፕ የምትባል እንግሊዛዊት ሰባኪ ናት። አባቷ ሲሞት አጠገቡ የነበረችው የዳርዊን ልጅ ሄንሪዬታ በ1922 ሌዲ ሆፕ በመጨረሻው ሕመሙ ወቅት እዚያ እንዳልነበረች፣ አባቷም ከሐሳቡ እንዳልተመለሰ በጽሑፍ መለሰች። ይህን ብነግረው ልጁ ግራ ገባውና «እርስዎ ግን አማኝ አይደሉም እንዴ?» አለኝ።

ብዕር ያስነሳኝ ይህ ጥያቄ ነው። አማኝ ከሆንኩ፣ ወሬው ለወገኔ እስከጠቀመ ድረስ ዝም ማለት ነበረብኝ ማለቱ ነው። ከኋላው ከቆሙት አንዱ ደግሞ «እኔ አላልኩም? ዳርዊን ኢአማኒ ነበር!» ብሎ ሊጨፍር ሲል እሱንም አስቆምኩት። ሰውየው በ1879 በጻፈው ደብዳቤ፣ የእግዚአብሔርን መኖር እስከ መካድ ደርሶ እንደማያውቅ፣ «አላውቅም ባይ» ቢባል እንደሚሻለው ተናግሯል። ሁለቱም ወገን ከፍቷቸው ሄዱ።

የኛው ፈላስፋ ዘርዓ ያዕቆብ (ንጉሡን ማለቴ አይደለም) የባሰ ነገር ደርሶበታል። በስሙ የሚጠራው «ሐተታ» የተባለው መጽሐፍ እንደሚለው በ1599 አክሱም አካባቢ ተወለደ፣ በሱስንዮስ ዘመን ተሰደደ፣ መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሁለት ዓመት ዋሻ ውስጥ ኖረ፣ ኋላም እንፍራዝ ተቀመጠ። ጾሙን፣ ምንኩስናውን፣ የሙሴን ሕግ፣ የእስልምናውንም ሥርዓት በልቡናው እየመረመረ ይተቻል። ኢአማኒው ይህን ገልጦ «የኛ ሰው ቀድሞ ነቅቶ ነበር» ይልሃል። ዘርዓ ያዕቆብ ፈጣሪ መኖሩን በአእምሮዬ ደረስኩበት ማለቱን፣ በዋሻውም ይጸልይ እንደነበር አይነግርህም። አማኙ በበኩሉ፣ መጽሐፉ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ድርሰት ነው ብሎ ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ያነሳውን ጥርጣሬ ይመዝዝና በሩን ይዘጋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ክላውድ ሰምነር የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው መሟገታቸውን አይሰማም፣ ወይም መስማት አይፈልግም። ሊቃውንቱ ዛሬም አልተስማሙበትም፤ እኔም ልፈርድ አልችልም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ያው አንድ ሰው፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ ስለ ፈጣሪ ሲነበብለት «የኛ ሊቅ»፣ ስለ ጾም ሲነበብለት «የፈረንጅ ፈጠራ» ሲል ሰምቼዋለሁ። መጽሐፉን ማን እንደጻፈው ሻይ እየጠጣን ተለወጠ?

ይህን ሁሉ ስጽፍ በልቤ ያለው የእናትህ ቀብር ነው። ነጠላህን አዘቅዝቀህ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ቆመህ ነበር። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ አንድ ዘመድህ «አያችሁ፣ ልቡ አልካደም» አለ። ጥግ የተቀመጠ ወጣት ደግሞ «ሰው ፈርቶ ነው» አለ። ማንም አንተን አልጠየቀህም። እናቱን የሚቀብር ልጅ ቆሞ ሳለ ለክርክራቸው ምስክር አደረጉህ። ሌዲ ሆፕም ከዚህ የተለየ ነገር አላደረገችም።

አንድ ነገር ግን አቻችዬ አላልፍም። እኔ አምናለሁ ብል የሚደርስብኝ የለም። አንተ አላምንም ስትል ዕድሩም፣ ሠርጉም፣ የክርስትና አባትነቱም ይቀዘቅዝብሃል። «ካላመነ ለምን በግልጽ አይናገርም?» የሚል አማኝ መጀመሪያ የሚናገረው ሰው ምን እንደሚከፍል ይይ። በደርግ ጊዜ ነገሩ ተገልብጦ ነበር። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስም የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በ1971 ዓ.ም. (ይህን በኛ አቆጣጠር ነው) ተገድለዋል፤ ያኔ የሚፈራው አማኙ ነበር። ታዲያ ያንን ዘመን የሚያስታውስ አማኝ፣ ዛሬ ዝም ስላለ ኢአማኒ «መልስ አጣ» ብሎ ሲደሰት ሳይ ይገርመኛል።

ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ሰው የቤልጂየሙ ቄስ ዦርዥ ለሜትር ነው። በ1931 ዓለም ከአንድ «የመጀመሪያ አቶም» ተነሣ የሚለውን ሐሳብ ያቀረበው እሱ ነው። በ1951 የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ አዲሱ ሳይንስ ለፍጥረት መሰከረ የሚል ንግግር ሲያደርጉ ቄሱ ደስ አላለውም። ንድፈ ሐሳቡ ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ ነው፣ ፈጣሪ የለም የሚለውም ሰው ሳይቸገር ሊቀበለው ይችላል ባይ ነበር። እስቲ አስበው፣ የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ መሪ የሰጡትን ድል ነው ይቅርብኝ ያለው! እንዲህ ያለ ሰው ስለ እምነቱ ቢያወራኝ ውዬ ባድር አልሰለቸውም።

የራሴን ልንገርህ። እኔ ያመንኩት በክርክር ተረትቼ አይደለም። እናቴ እጄን ይዛ ገብርኤል ስታስቀድስ ነው ያደግኩት፤ ማስረጃ መሰብሰብ የጀመርኩት ኋላ ነው። ይህን ደብቄ፣ በከዋክብት ስሌት ያመንኩ መስዬ ፊትህ ብቀርብ ማታለል ይሆናል። ያንተን መንገድ ግን አልገምትልህም፤ ብትፈልግ አንተው ትነግረኛለህ።

አሁን ሐሳቤን ስማኝ። በሚቀጥለው ደብዳቤ እኔ ላንተ ወገን ልሟገት፣ አንተ ለእኔ። እኔ የመረጥኩት አንድ ሕፃን በሕመም ሲሰቃይ ቸር አምላክ የት ነበር የሚለውን ነው፤ ከሁሉ የሚከብደኝ እሱ ስለሆነ። «ፈተና ነው» ብዬ ቶሎ አልሸፍነውም። አንተም ከኛ ወገን ጠንከር ያለውን ምረጥ እንጂ የሰፈራችንን ጯሂ ሰባኪ አታምጣብኝ። የእኔን አንብበህ «አዎ፣ ይህ የኔ ሐሳብ ነው» ካላልክ መልሰህ ላክልኝ፣ እንደገና እጽፈዋለሁ። ያንተንም እንደዚያው አደርጋለሁ። በስልክ በአጭር መልእክት እንዳትገላገለኝ ብቻ!

እስከ ጥምቀት እጠብቃለሁ። ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፣ ልጆቹንም ሳምልኝ።

ወንድምህ
ሐዋሳ