ሱሪህ ኪስ ውስጥ ያደረግሁት ደብዳቤ

ይድረስ ለልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴ ብርዱ ገብቷል። ጦሳ እስከ ረፋድ ድረስ ጉሙን አያወልቅም። እናትህ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። ሰላም በልልኝ ብላለች። የምጽፍልህን ግን አታውቅም።

በወረቀት የጻፍኩት ስልክህን የአክስትህ ልጆች ሁሉ ስለሚነካኩት ነው። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ማክሰኞ ማታ አክስትህ ደወለችልኝ። ከቴሌብሯ ላይ ብር እየጎደለ ነው። መጀመሪያ 150፣ ቀጥሎ 300፣ ደግሞ 300፣ ከዚያ 600፣ ባለፈው እሁድ 1,200። በአሥራ አንድ ቀን 2,550 ብር። መልእክቱም ከስልኩ ላይ ተሰርዟል። «ማንን ጠረጠርሽ?» አልኳት። «ሠራተኛዋን ነዋ! የምስጢር ቁጥሬን የምታውቀው እሷ ናት። ሱቅ ስልካት በስልኬ ነው የምትከፍለው። ወሩ ሲሞላ አሰናብታታለሁ» አለችኝ።

ዝም አልኩ። ሌባ እንዲህ አይሰርቅም፣ ልጄ። ሌባ ካገኘ ጠራርጎ ነው የሚሄደው። 150፣ 300፣ 300፣ 600፣ 1,200 እያለ የሚሄድ የተሸነፈ ሰው ነው። ይህን አካሄድ አውቀዋለሁ። ከየት እንደማውቀው እነግርሃለሁ።

ደግሞ በኢድ ስትመጣ «አባ፣ ዳይመንድ ግዛልኝ» ብለኸኝ የለ? እኔ ሚስት ልታጭ መስሎኝ ስቄብህ ነበር። ለጌም መሆኑን ስትነግረኝም ሳቅኩ። አለመሳቅ ነበረብኝ።

ሌላውን ሳልነግርህ በፊት ይህን ስማኝ። የሄደውን ላስመልስ ብለህ አንድ ብር አትጨምር። አንድም!

አባቴ ስለ ጌም ምን ያውቃል እንዳትል። ያስለመድከኝ አንተ ነህ። «ክር በየቀለሙ መለየት ነው አባ፣ ሥራህ አይደል» ብለህ ስልኬ ላይ ጭነህልኝ ሄድክ። ይኸው ሱቁ ጭር ሲል እሱን ነው የማየው። መጀመሪያ ደስ ይል ነበር። ሃያኛው ሌቭል ላይ ስደርስ ማስታወቂያው ጀመረ። አንድ ሌቭል፣ አንድ ማስታወቂያ። የአንድ ቀን ፓኬጅ ጠዋት ገዝቼ ለዙሁር ሶላት ስነሳ አልቋል። ክር ስለይ አልነበረም የጨረስኩት፤ የሰው ዕቃ ማስታወቂያ ሳይ ነው። በገዛ ብሬ!

ባለፈው ወር የአንድ መምህር ሱሪ እየተኮስኩ ነበር። ሌቭል 86። እንዳትስቅ። አንድ ባዶ ጥቅል ጎደለኝና «ቪዲዮ ካየህ በነጻ እሰጥሃለሁ» አለኝ። ነካሁት። አንድ ንጉሥ ውሃ ውስጥ እየሰጠመ ነው። የሚያድነው ጅል ደግሞ የማይሆነውን እንጨት ይስባል። አላስችል ይላል እኮ! ሠላሳ ሴኮንዱ ሲያልቅ ማጥፊያዋ ኤክስ ብቅ አለች። የሰሊጥ ፍሬ ታክላለች። የእኔ አውራ ጣት ደግሞ የመቀስ አውራ ጣት ነው። ስነካት ፕሌይ ስቶር ተከፈተ። ተመለስኩ። ሌላ ኤክስ። እሷም ሌላ ነገር ከፈተች። ሽታው ነው ያነቃኝ። ካውያው የሰውዬውን ሱሪ ጉልበቱ ላይ በልቶታል።

ጨርቁን ከኪሴ ገዝቼ ሌላ ሰፋሁለት። ሰውዬው ግን ጨዋ ነው፤ አልተቆጣም። የሚያስተምረው ኮምፒውተር ነው፤ ምን እያየሁ እንደነበር ስነግረው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ያ ንጉሥ የሚሰጥምበት ዓይነት ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ከጌሙ ጋር አይገናኝም አለኝ። አውርደህ ስትከፍተው ሌላ ነገር ነው። እንግሊዝ አገር የማስታወቂያ ተቆጣጣሪው በፈረንጆች 2020 እንዲህ ያሉ ሁለት ማስታወቂያዎችን ጌሙን አይመስሉም ብሎ አግዷቸዋል።

ከሁሉ የገረመኝን ልንገርህ። ከሚጫወተው ሕዝብ አብዛኛው አንድ ሳንቲም አይከፍልም። ከግዢ የሚገባው ገንዘብ የሚመጣው ብዙ ከሚከፍሉ ጥቂቶች ነው። ሠሪዎቹ እነዚህን ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲጠሯቸው «ዓሣ ነባሪ» ይሏቸዋል። ሐይቅ ላይ መረብ የሚጥለው ሰውዬ እንኳ ዓሣውን «ጀግናዬ፣ ዛሬ ልዩ ስጦታ አለህ» እያለ አያባብለውም።

አልማዙም፣ ያ ዳይመንድ ያልከኝ የጌሙ ገንዘብ፣ እንዲሁ ነው። የምትፈልገው ልብስ 120 አልማዝ ነው እንበል። የሚሸጠው ግን በመቶ በመቶ ነው። ሁለት ትገዛለህ። 80 ይተርፍሃል። 80 ብቻውን ምንም አይገዛምና ደግመህ ትጨምራለህ። እኔ አንድ ሜትር ከሃያ የሚበቃውን ደንበኛ «በሁለት ሜትር ካልሆነ አልሸጥም» ብለው ሰኞ ገበያ በድንጋይ ነበር የሚሸኘኝ። ብር ሲሆን እጅህ ይከብድሃል። አልማዝ ሲሆን ብር መሆኑን ትረሳዋለህ። ውስጡ ያለውን ሳታውቅ በብር የምትከፍተውን ሳጥን ደግሞ ቤልጂየም በፈረንጆች 2018 ቁማር ነው ብላዋለች። የእኛ ሼህ ቢጠየቁ ዓመት አይፈጅባቸውም ነበር።

ሠሪው አይብላ አልልም። እሱም ልጆች አሉት። «ዋጋዬ ይህ ነው» ብሎ አንዴ ቢጠይቀኝ እከፍላለሁ። ከፍያለሁም። ይህን ለእናትህ እንዳትነግር። ስልክ ለሚጠግነው ልጅ 400 ብር ሰጥቼ ማስታወቂያ ማጥፊያውን በካርድ አስገዛሁት። በየሌቭሉ የሚመጣው ቆመ። «ቪዲዮ ካየህ እሰጥሃለሁ» የሚለው ግን እንዳለ ነው። ልጁን ብጠይቀው «እሱማ በፈቃድዎ የሚያዩት ነው ጋሼ» አለኝ። በፈቃዴ! ሌቭሉን እንዳላልፍ አድርጎ ሠርቶት፣ በፈቃዴ።

አሜሪካኖቹ ገንዘባቸው ተመልሶላቸዋል። በፈረንጆች 2014 አፕል ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ ለገዙት ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስ ተስማማ። ጉግልም በዚያው ዓመት ቢያንስ 19 ሚሊዮን። እኛ ማንን እንጠይቅ? አንተ ብሩን የላክኸው ቴሌግራም ላይ ላገኘኸው፣ ፊቱን ለማታውቀው አልማዝ ሻጭ ነው። ደረሰኝ የለህ። ስለዚህ የሄደው ሄዷል። ላስመልስ አትበል።

አሁን የት እንደማውቀው ልንገርህ።

1979 ነው። አሥራ ሦስት ዓመቴ። ከ77ቱ ክፉ ቀን ገና መተንፈሳችን ነበር። አያትህ ግልገል ገዝታ ያሳደገቻት አንዲት ፍየል ነበረችን። እሷን ሽጠህ ና ብላ ከኩታበር ወደ ደሴ ሰኞ ገበያ ላከችኝ። የጎረቤታችን ልጅ እንቁላል ይዞ አብሮኝ መጣ። በሌሊት ተነስተን በእግር። ፍየሏን በ45 ብር ሸጥኳት። ያኔ ትልቅ ብር ነው።

ገበያው ዳር አንድ ሰውዬ ጆንያ ላይ ሦስት ካርታ ዘርግቷል። «ቀይዋን ያየ! ቀይዋን ያየ!» ይላል። እኔ አይቻታለሁ። ወላሂ፣ ጥጓ ትንሽ ታጥፋለች። ጎረቤቴ እጄን ይዞ «ተው እንሂድ፣ እንቁላሌን ልሽጥ» አለኝ። አልሄድኩም፤ እሱ ሄደ። አምስት ብር አስያዝኩ። በላሁ! ሃምሳ ብር ሆነልኝ። ሰውዬው ራሱ «ይህ ልጅ ዓይን አለው» አለ። ዙሪያው የቆመው ሁሉ አጨበጨበልኝ። አጨብጫቢዎቹ የእሱ ሰዎች እንደነበሩ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ከዚያ አምስት ተበላሁ። ከዚያ አሥር። ደግሞ አሥር። ኪሴ ውስጥ ሃያ አምስት ብር ቀረ። ያንን ሳስይዝ ለመብላት ብዬ አልነበረም። ፍየሏን ለማስመለስ ነበር።

መንገድ ላይ ምላጭ ለምኜ የገዛ ኪሴን ቀደድኩት። ቤት ስገባ «ሌባ ኪሴን ቀደደው» አልኩ። አያትህ አልተቆጣችም። መጀመሪያ የነካችው ጭኔን ነው፣ ምላጩ አግኝቶኝ እንደሆን ብላ። ከዚያ «አብሮህ ማን ነበር?» አለች። የልጁን ስም ጠራሁ። ሰረቀኝ አላልኩም። ስሙን ብቻ ነው የጠራሁት። የቀረውን ሰፈሩ ጨረሰው። አባቱ ግራር ላይ አስሮ ገረፈው። ልጁ «አልወሰድኩም» ይላል፤ እኔ አጥር ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። በነጋታው አያትህ ኪሴን ሰፋችልኝ። ስፌት የሚባል ነገር መጀመሪያ በደንብ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ መርፌዋን እንጂ ፊቷን ማየት ስላልቻልኩ።

ልጁ በዓመቱ ወደ አሰብ ሄደ። ወደብ ላይ ሸክም ይሠራል ሲሉ ሰማን። ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ደሴ መናኸሪያ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሻንጣ ይዞ ሲወርድ እስከ ዛሬ ፊቱን አያለሁ። አያትህም ሳልነግራት ሞተች። ታማ ስትተኛ ሦስት ሌሊት አጠገቧ አድሬያለሁ። ሦስቱንም ሌሊት ልነግራት ነበር።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። እናትህም አታውቅም።

እና አባቴ፣ የአክስትህ ሠራተኛ ከወረኢሉ የመጣች የሰው ልጅ ናት። በሁለት ዓመት ብትበልጥህ ነው። ደመወዟን ለእናቷ ነው የምትልከው። «ሌባ ናት ተብላ ወጣች» ከተባለ ኮምቦልቻ ውስጥ ማን ይቀጥራታል? አንተ ስሟን እንኳ አልጠራህም ይሆናል። ዝም ነው ያልከው። እኔም ያው ዝም ነው ያልኩት።

ለአክስትህ አልነገርኳትም። ቅዳሜ እስከ ዙሁር ጊዜ ሰጥቼሃለሁ። ቁጭ አድርገህ ንገራት። ልጅቷም ባለችበት። «እኔ ነኝ» ብለህ ጀምር፣ ስለ ጌሙ ኋላ ታወራለህ። ትጮህብሃለች፤ ትጩህ። ካልነገርካት እሁድ ጠዋት የመጀመሪያውን ሚኒባስ ይዤ ሐረጎን እወርዳለሁ። ያን ቀን የምናገረው እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም።

የሱሪው የኋላ ኪስ ውስጥ 1,000 ብር አለ። ለአክስትህ በእጅህ ስጣት። የቀረው 1,550 ያንተ ነው። ክረምት ሱቅ ትገባለህ። ሱሪ ማሳጠር 50 ብር ነው። 31 ሱሪ። ቆጥሬዋለሁ።

የምስጢር ቁጥሯን እንድትቀይር ንገራት፣ አንተም አትየው። የልጆቿ ስልክ ላይ ፕሌይ ስቶር ገብተህ ለእያንዳንዱ ግዢ የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ አድርገው። አዲስ ጌም ስታወርዱ ከስሙ ሥር ያለውን አንብቡ፤ ማስታወቂያ እንዳለውና ውስጡ ግዢ እንዳለ ይጽፋል። የዚያን አልማዝ ሻጭ ቁጥር አጥፋ። «ዛሬ ብቻ በግማሽ ዋጋ» ብሎ ቢልክልህ ነገም እንደሚልክ እወቅ። ላስመልስ አትበል ብያለሁ።

ጌም አትጫወት አላልኩም። በእኛ 2014 ደሴ ስትያዝ ትዝ ይልሃል? አሥራ አንድ ዓመትህ ነበር። መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም። ስልኬን በጎረቤት ሶላር ቻርጅ እያደረግን ያቺን የመኪና ጌም ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነህ ትጫወት ነበር። አንድም ማስታወቂያ አልመጣብህም። እኔ በሩን እያዳመጥኩ የአንተን ሳቅ እሰማ ነበር። አሁንም እንደዚያ ዓይነቱን፣ ያለ ዳታ የሚሠራውን፣ ዳታህን ዘግተህ ተጫወት። የእኔ የክር ጌም ዳታው ሲዘጋም ይሠራል። ይህን ያወቅሁት 400 ብሩን ከከፈልኩ በኋላ ነው።

ጫማህ ጠቦህ እንደሆነ ጻፍልኝ። ማር ልኬ ነበር፣ ደረሰ? ጠርሙሱን መልስ፣ የእናትህ ነው።

ሱሪው ካኪ ነው፣ በሙቅ ውሃ እንዳታጥበው። እግሩ ላይ ወደ ውስጥ አራት ጣት አጥፌልሃለሁ። ስትረዝም አትቅደደው፣ ይዘኸው ና፣ እኔ እፈታዋለሁ።

አባትህ