ይድረስ ለእናቴ፦ ስለ እትዬ ተረከዝ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፤ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኛ እዚህ ሐዋሳ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

በስልክ የላክሽልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ከሥሩ "ይህቺ ጥቁረት ምንድን ናት?" ብለሽ ብቻ ነው የጻፍሽው። የማን ተረከዝ እንደሆነ እንኳ አልነገርሽኝም። እትዬ ስትሮክ መቷቸው አልጋ ላይ ከዋሉ 4 ወር እንዳለፋቸው የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። የቤታቸውን ቁልፍ በነጠላሽ ጫፍ ቋጥረሽ ከምድር እስከ 3ኛ ፎቅ በቀን ስምንት ዘጠኝ ጊዜ እንደምትመላለሺም እንዲሁ። ስጠይቅሽ "ምን አደረግኩና? ጎረቤት አይደሉ እንዴ?" ብለሽ ወሬ ለወጥሽ። ሥራዬ እንዲህ ያሉ ሕሙማንን መንከባከብ ስለሆነ ግን ያደረግሽውን አውቀዋለሁ። ግማሽ አካሉን ማንቀሳቀስ የማይችል ሰው 4 ወር ተኝቶ ወገቡ ላይ ቁስል ሳይወጣበት የሚቆየው በአጋጣሚ አይደለም። ሰው በሞላበት ሆስፒታልም ብዙ ጊዜ አይሳካም። አንቺ በሁለት እጅሽ፣ በዚያ ጉልበትሽ፣ ለሱቅ የምታስረክቢውን እንጀራ እየጋገርሽ አድርገሽዋል። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ልምራሽ ብዬ የጻፍኩት አይደለም፤ የጀመርሽው እንዳይሰብርሽ፣ እሳቸውም እንዳይቆስሉ ብዬ ነው።

ከተረከዙ ልጀምር። የእግር ክብደት ተረከዝ ላይ ሲያርፍ፣ እዚያ ሥጋ ስለሌለ ቆዳው በአጥንቱና በፍራሹ መካከል ይጨፈለቃል። ደም ሳያገኝ ሲቆይ ይሞታል። መጽሐፍ ላይ "መጀመሪያ ይቀላል" ይላል፤ የእኛ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ አይታይም። ይጠቁራል፣ አንዳንዴም ወይን ጠጅ ይመስላል። ስለዚህ በዓይን ብቻ አትፍረጂ። በእጅሽ ጀርባ ሁለቱንም ተረከዝ ዳብሺና አወዳድሪ። የታመመው ከሌላው ይልቅ ቢሞቅ ወይም ቢቀዘቅዝ፣ ቢጠጥር ወይም እንደ ሊጥ ቢለሰልስ፣ ከውስጥ እየተጎዳ ነው ማለት ነው። ፎቶው ላይ ቆዳው አልተሰነጠቀም፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አሁን የሚያስፈልገው መድኃኒት ሳይሆን ከፍራሹ ማላቀቅ ነው። አንድ ትራስ በቁመቱ ከባታቸው ሥር፣ ከጉልበት በታች እስከ ቁርጭምጭሚት በላይ አስገቢ። ጉልበታቸው ትንሽ ይታጠፍ፣ ተረከዛቸው አየር ላይ ይንሳፈፍ። መንሳፈፉን ለማወቅ መዳፍሽን ከሥሩ አሳልፊ፤ ካልነካሽ ልክ ነው። ትራሱን ከተረከዙ ሥር ብቻ ብታደርጊው ግን ጫናው ያው ነው፣ ምንም አልቀየርሽም።

ሰዎች "በቅቤ እሺው" ይሉሻል። እባክሽን አትሺው። የተጎዳ ቦታ ሲታሽ ከሥሩ ያሉት ደም ሥሮች ይበጠሳሉ። መሃሉ ክፍት የሆነ የጎማ መቀመጫም ይመክሩሻል፤ እሱም ዙሪያውን እያነቀ ደሙን ስለሚያስቀር ይጎዳል። ውሃ ቢቋጥር አታፍርጪው።

ማገላበጡ በየ2 ሰዓቱ መሆን አለበት። አንቺ ስትጋግሪ ሰዓት እንደማታዪ አውቃለሁ፤ እንግዲያው በምጣድሽ እንቁጠር። ሊጡ ተዘርግቶ፣ ዓይን አውጥቶ፣ ተከድኖ በሰፌድ እስኪወጣ አንዱ እንጀራ 3 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። 40 እንጀራ 2 ሰዓት ነው። 40ኛውን ስታወጪ ምጣዱን ከሶኬቱ ንቀዪ፣ ማጥፊያውን ብቻ አትመኚ። ላብሽን ጠርገሽ ነጠላሽን ደርቢና ወደ ላይ ውጪ፤ የቱሉ ዲምቱን ነፋስ ደረጃው ላይ ታውቂዋለሽ። መብራት በጠፋ ቀንና በማትጋግሪበት ቀን ስልክሽ ላይ ደወል ሙዪ። ሌሊት ቆዳቸው ደህና የሆነ ሰው ጥሩ ስፖንጅ ላይ ከተኛ ክፍተቱ ሊራዘም ይችላል፤ ይህ ጥቁረት እስኪለቅ ግን ብዙ አታርቂው።

ወደ ግራ ስታዞሪያቸው በግራቸው በኩል ቁሚ። የደከመውን ቀኝ ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ አኑሪ፣ ቀኝ ጉልበታቸውን አጥፊና ውስጥ እግራቸው ፍራሹን ይርገጥ። አንድ እጅሽን ከትከሻቸው ጀርባ፣ አንዱን ዳሌያቸው ላይ አድርጊና ወደ ራስሽ ሳቢ። የታጠፈው ጉልበት ራሱ ሲወድቅ ግማሹን ሥራ ይሠራልሻል። ሙሉ በሙሉ በጎናቸው አታስተኚያቸው፣ የዳሌው አጥንት ይቆስላል። ከጀርባቸው ትራስ አስደግፈሽ ዘንበል ብቻ ይበሉ፤ በሁለት ጉልበታቸው መካከልም ትራስ ይግባ። ተራው ጀርባ፣ ግራ፣ ጀርባ፣ ቀኝ ይሁን። የቀኙ ከሌላው አጠር ይበል፤ ያ ጎን ቢያማቸውም ላይሰማቸው ይችላል።

አንድ ነገር አደራ። ቀኝ እጃቸውን ይዘሽ አትሳቢያቸው። ጡንቻው ስለላላ ትከሻው ከቦታው ይንሸራተታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሕመም ወራት ይፈጃል። ወደ ግርጌ ሲንሸራተቱም ብብታቸውን ይዘሽ አትጎትቺ። ቆዳው ፍራሹን ይዞ ይቀርና አጥንቱ ብቻ ይሄዳል፤ ሥጋው ከውስጥ ይቀደዳል። ከትከሻቸው እስከ ጭናቸው የሚደርስ ድርብ አቡጄዲ ከሥራቸው ይነጠፍ። ሁለት ሰው ከሁለት ወገን ጫፉን ጠቅልሎ ይዞ፣ እሳቸው በደህናው ግራ እግራቸው ፍራሹን ገፋ ሲያደርጉ አንድ ላይ ከፍ ማድረግ ነው። ብቻሽን አትሞክሪው።

ምግባቸውን በተመለከተ፣ ከእንጀራው መሃል ለስላሳውን ቆርሰሽ በሽሮ እንደምትፈተፍቺላቸው፣ ደረቁን ጠርዝ አንቺ እንደምትበዪው ነግረውኛል። ፍትፍቱ ትክክል ነው፤ ደረቅ ጠርዝ፣ ቆሎ፣ ቂጣ ለእሳቸው አደጋ ነው። (ለራስሽ ግን ከመሃሉም ብዪ።) ቀጥ ብለው ሳይቀመጡ ምንም አትስጪያቸው። አገጫቸው ትንሽ ወደ ደረት ይዘንበል። ውሃ ለማጠጣት ብለሽ ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ አታቃኚ፣ ያኔ ነው ወደ ሳንባ የሚገባው። በሻይ ማንኪያ፣ በደህናው በግራ ጉንጫቸው በኩል፣ አንዱን መዋጣቸውን ጉሮሯቸው ላይ አይተሽ ሌላውን። የሚገርመው ቀጭኑ ውሃ ከወፍራም አጥሚት ይልቅ ያስቸግራል፤ ስለሚፈጥን ጉሮሮው አይደርስበትም። በልተው ሲጨርሱ ቀኝ ጉንጫቸው ውስጥ የተረፈ እንዳለ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገሽ አውጪ፤ እዚያ መኖሩን እሳቸው አያውቁም። ለ30 ደቂቃ እንደተቀመጡ ይቆዩና ከዚያ ራስጌያቸውን ዝቅ አድርጊው። ከፍ ብለው ሲውሉ ስለሚንሸራተቱ ወገባቸው ይላጣል። እየበሉ ቢያስላቸው ወይም ድምፃቸው ውሃ የያዘ ቢመስል አቁሚ። እንቅልፍ እንቅልፍ ሲላቸውም "ሳይበሉ እንዳይቀሩ" ብለሽ አታጉርሺ።

ጾሙን እንደማይለቁ አውቃለሁ። ቆዳ የሚጠገነው ግን በእንቁላል፣ በወተት፣ በሥጋ ነው። የንስሐ አባታቸውን ወደ ቤት ጥሪና ፊታቸው ይናገሩ፤ የታመመ ሰው እንደሚፈቀድለት ከእሳቸው አፍ ሲሰሙ ይቀበላሉ። እስከዚያው ሽሮውን ወፈር፣ ምስሩን ደጋግሞ ነው።

እትዬ መናገር ስላቃታቸው የማይሰሙ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ አሉ። ቀኝ ጎንን የሚያደክመው የአንጎሉ ግራ ክፍል ጉዳት ነው፤ ንግግርም የሚበዛው እዚያው ስለሆነ አብሮ ይያዛል። ማስተዋል ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋል። "ሻይ ነው ወይስ ወተት?" ከማለት "ሻይ ላምጣ?" ብለሽ በራስ ንቅናቄ መልስ እንዲሰጡ ጠብቂ፤ ሲዘገዩም አትቅደሚያቸው። ጮክ ማለት አያስፈልግም። እፊታቸው ስለ እሳቸው የሚያወራ ሰው ካለ ደግሞ አስወጪው።

ውሃው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሚመጣ ትልቁ ጭንቅሽ የአንሶላ እጥበቱ ይመስለኛል። ከወገባቸው ሥር ላስቲክ፣ ከላዩ አንድ ሜትር ያህል አቡጄዲ አድርጊ፤ ሲረጥብ እሱ ብቻ ይቀየራል፣ አንሶላው ይቆያል። ጨርቁ እንዳይጨማደድ ወጥሪው፤ አንዲት ጭምዳድ ሌሊቱን እንደ ዱላ ስትጫናቸው ታድራለች። ሽንት የነካው ቦታ በለብ ያለ ውሃ ታጥቦ፣ ሳይፈተግ በጨርቅ ተጫን ተጫን ተደርጎ ከደረቀ በኋላ ስስ ቫዝሊን ይቀባ። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ 3ኛ ፎቅ ይዘሽው አትውጪ። ግማሽ ግማሽ አድርጊው፣ ወይም ከታች ለሚወጣ ወጣት ስጪው። ደረጃ ስትወጪ የደህናውን እግር አስቀድሚ፤ ስትወርጂ የሚያምሽን። የራስሽንም የደም ግፊት ኪኒን "ዛሬ ደህና ነኝ" ብለሽ እንዳታቆሚ፤ እትዬንም እዚህ ያደረሳቸው ይኸው ሊሆን ይችላል።

እማዬ፣ ለምን ለሰው እንዳልተናገርሽ ይገባኛል። እትዬ ከለመዱት መንደር ወጥተው ዕጣ ደርሷቸው እዚያ የገቡ፣ ሰው ፊት ሳይለብሱ የማይታዩ ሴት ናቸው፤ ገመናቸውን እየጠበቅሽላቸው ነው። ልጃቸውም ቤይሩት ሆና ስትችል ከምትልከው በቀር ልትደርስ አትችልም። ግን ገመናና ጉልበት ይለያያሉ። ማጠቡንና ጨርቅ መቀየሩን አንቺና እትዬ ራሳቸው የመረጧት አንዲት ሴት ብቻ ያዙት። ውሃው፣ ማገላበጡ፣ ወደ ራስጌ ማንሳቱ፣ ቡና አፍልቶ አጠገባቸው መቀመጡ ግን ለሌላው ይተርፋል። የእድሩን ሰዎች "እርዱኝ" ብትያቸው እሺ ይሉና ማን መቼ እንደሚመጣ ሳይታወቅ ይቀራል። "አንቺ ማክሰኞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ አንተ ሐሙስ ውሃ" በያቸው። በመጡ ጊዜ አንድ ጊዜ አብረሽ አገላብጠሽ አሳያቸው። አንቺ አንድ ቀን ብትታመሚ እትዬን የሚያነሳ ሌላ የሠለጠነ እጅ ሊኖር ይገባል፤ የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ትኩሳት ከመጣ፣ ትንፋሻቸው ከፈጠነ፣ አንዱ ባት ብቻ አብጦ ከሞቀ፣ ተረከዙ ተከፍቶ መሽተት ወይም መግል ከጀመረ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይታዩ። ደህናው ጎን ድንገት ከዛለ ወይም መንቃት ካቃታቸው ሌሊትም ቢሆን አይጠበቅም፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ሊፍት ስለሌለ የሚያወርዷቸውን አራት ወንዶች ከአሁኑ ለዪ፣ ስልካቸውን በር ላይ ለጥፊ። በወፍራም ብርድ ልብስ አራት ጫፍ ይዞ ጭንቅላትን ወደ ላይ አድርጎ መውረድ ይቻላል። የጤና መድን ደብተራቸው መታደሱን እዪና ከኪኒኖቹ ጋር በአንድ ፌስታል አንጠልጥይው።

ዓርብ በአውቶቡስ ካርቶን እልካለሁ፤ ቃሊቲ መናኸሪያ የሚቀበል ሰው ላኪ፣ አንቺ አትሂጂ። ሦስት ትራስ፣ ስድስት ሜትር አቡጄዲ፣ ላስቲክ፣ ቫዝሊንና ቴርሞሜትር አለበት። ከላይ የታሰረው የጉልበት ማሰሪያ ያንቺ ነው፤ ለእትዬ እንዳትሰጪው።

የጥቁረቱን ዳር ዛሬ በእስክሪብቶ ዙሪያውን አስምሪበት። ቅዳሜ ማታ ስደውል በእጅሽ ጀርባ ዳብሰሽ ጠብቂኝ፦ ከመስመሩ ወጥቷል ወይስ ወደ ውስጥ ገብቷል? ሞቋል ወይስ እንደ ግራው ሆኗል?

ጉልበትሽን እስማለሁ።

ልጅሽ