ፈረንሳይኛውን በአማርኛ አስረዱን

ጤና ይስጥልኝ የጋዜጣው አዘጋጆች፣ እንደምን ከረማችሁ። እዚህ ላሊበላ አስጎብኚ ሆኖ ፈረንሳይኛ መቻል የማይመኝ የለም፣ ፕሬዚዳንታቸው ማክሮን እራሳቸው መጋቢት 2011 ላይ መጥተው ቤተ ክርስቲያኖቹን አይተው ሄደዋል። ግን ኮርስ ስትገባ መጀመሪያ የሚወረወርልህ የግስ ሰንጠረዥ ነው፣ ማብራሪያው ደግሞ በእንግሊዝኛ፣ እንግሊዝኛው ራሱ ያልጠራለት ልጅ በሳምንቱ ይጠፋል።

ኧረ አማርኛችን እኮ ይበቃል! አሉታውን ብቻ እዩት። እኛ "አልጠጣም" ስንል "አል" ከፊት "ም" ከኋላ ሆነው ግሱ መሀል ይገባል አይደል፣ እነሱም "ዠ ቧ" (እጠጣለሁ) የሚለውን "ዠ ን ቧ ፓ" ነው የሚሉት፣ "ን" ከፊት "ፓ" ከኋላ። ሲያወሩ "ን"ን ይውጧታል፣ "ዠ ቧ ፓ" ብቻ ከሰማችሁም ያው አልጠጣም ነው።

የሚያስቸግረን ሌላው ነው። እኛ "ቡና እጠጣለሁ" ብለን በግስ እንዘጋለን፣ እነሱ ግን "ዠ ቧ ዱ ካፌ"፣ መጀመሪያ እኔ፣ ከዛ መጠጣቱ፣ ቡናው መጨረሻ። "እኔ"ን መዝለል ደግሞ አይቻልም፣ ምክንያቱም የኛ ግስ ማን እንደሆነ ራሱ ይናገራል፣ የነሱ ግን ሲጻፍ እንጂ ሲነገር ብዙ ጊዜ አይለይም፣ እበላለሁም ትበላለህም ይበላሉም ጆሮ ላይ ያው "ማንዥ" ነው፣ ፊቱ ላይ ዠ (እኔ) ወይ ቱ (አንተ) ወይ ኢል (እነሱ) ካልገባ ማን እንደበላ በምን ይታወቃል?

"ቱ" እና "ቩ" ላይማ የወሎ ሰው አስተማሪም አያስፈልገው፣ ለእኩያ አንተ ለትልቅ ሰው አንቱ ማለትን ከቤቱ ይዞት ነው የመጣው (ቩ "እናንተ"ም ይሆናል፣ እሷን መያዝ ነው)። አንድ ጓደኛዬ እናቱን የሚያክሉ ፈረንሳዊት ሴትዮ ሲያስጎበኝ ቀኑን ሙሉ "ቱ" ሲላቸው ዋለ፣ ባለጌ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፣ በአማርኛ ቢሆን አንቺ ብሎ አይጠራቸውም ነበር፣ በእንግሊዝኛ ስለተማረው ሁሉም "ዩ" ሆኖበት ነው።

ጾታው ላይ ግን አቋራጭ የለም። ጠረጴዛ ሴት፣ መጽሐፍ ወንድ፣ ኤግሊዝ (ቤተ ክርስቲያን) ደግሞ ሴት፣ እያንዳንዱን ስም ፊቱ ከሚገባው "ለ" (ለወንድ) ወይ "ላ" (ለሴት) ጋር መሸምደድ ነው።

እና እባካችሁ የቋንቋ አምዳችሁ ላይ በሳምንት አንድ የፈረንሳይኛ ዓረፍተ ነገር እንኳን በአማርኛ እየፈታችሁ አውጡልን፣ ሰንጠረዡ በኋላ ይደርሳል።

አንድ አስጎብኚ
ከላሊበላ፣ ሰሜን ወሎ